ሁለት ዓይነት ተንቀሳቃሽ ኔትወርኮች ሲገናኙ፦ ጌትዌዩ ምን ይበል፣ ምን አይስማ?

ጥያቄ፦ «ቋሚ ማማ የሌላቸው ሁለት ተንቀሳቃሽ የገመድ አልባ ኔትወርኮች አሉን። አንዱ ተሽከርካሪዎች ላይ የተገጠመ ሲሆን ኦኤልኤስአር በሚባል የራውቲንግ (መንገድ መምረጫ) ፕሮቶኮል ይሠራል። ሌላው በእጅ የሚያዙ ትንንሽ መሣሪያዎች ናቸው፤ ኤኦዲቪ በሚባል ሌላ የራውቲንግ ፕሮቶኮል ይሠራሉ። ሬዲዮዎቹም የተለያዩ ናቸው። ሁለቱም ሬዲዮ የተገጠመላቸው ሁለት ተሽከርካሪዎችን ጌትዌይ፣ ማለትም የሁለቱ ኔትወርኮች መገናኛ በር፣ አድርገናል። አንዱ ጌትዌይ ብቻ ሲበራ ደህና ይሠራል። ሁለቱም ሲበሩ ግን አንዳንድ ፓኬቶች (መረጃ ተከፋፍሎ የሚላክባቸው ጥቅሎች) በጌትዌዮቹ መካከል ሲመላለሱ ቆይተው ይጠፋሉ። አሁን የአንዱን ፕሮቶኮል መልእክት ወደ ሌላው የሚተረጉም ፕሮግራም መጻፍ ጀምረናል። አካሄዳችን ትክክል ነው?»

ምላሽ፦

አይደለም። የትርጉም ፕሮግራሙን እዚህ ላይ ብታቆሙት ይሻላል። ከጌትዌያችሁ የሚጠበቀው ሥራ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ለሁለቱም ወገን «እነዚህ አድራሻዎች በእኔ በኩል ይገኛሉ» ይበል። ራሱ የሚናገረውን ነገር ግን ሌላው ጌትዌይ ሲደግመው ሰምቶ እንደ አዲስ መረጃ አይያዝ። ፓኬቶቻችሁ የሚመላለሱት ይህ ሁለተኛው ስለጎደለ ይመስለኛል። ከገለጻችሁት ምልክት ጋር ልክክ ይላል፤ ቆይቼ አሳያችኋለሁ።

በቅድሚያ ትርጉሙ ለምን እንደማያዋጣ ልናገር። ሁለቱ ፕሮቶኮሎች የወጡት በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ አርኤፍሲ ከሚባሉት የኢንተርኔት ቴክኒካዊ ሰነዶች ኤኦዲቪ በአርኤፍሲ 3561፣ ኦኤልኤስአር በአርኤፍሲ 3626። አስተሳሰባቸው ግን ለየቅል ነው። ኦኤልኤስአር ሁሉንም አስቀድሞ ያዘጋጃል። እያንዳንዱ ኖድ (የኔትወርኩ አባል መሣሪያ) በየ2 ሴኮንዱ ለጎረቤቶቹ ሰላምታ ይልካል። የተመረጡ ኖዶች ደግሞ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ በየ5 ሴኮንዱ ለመላው ኔትወርክ ያሰራጫሉ። አንድም ፓኬት ሳይላክ ሁሉም የመንገዱን ካርታ ይዞ ይጠብቃል ማለት ነው። ኤኦዲቪ ግን እስኪጠየቅ ዝም ይላል። የሚላክ ፓኬት ሲመጣ ብቻ «ወደዚህ አድራሻ መንገድ የሚያውቅ አለ?» ብሎ ጥያቄ ያሰራጫል። መልስ ሲመጣ መንገዱን ይመዘግባል። መንገዱ ለ3 ሴኮንድ ያህል ካልተጠቀሙበት ደግሞ ጊዜው አልፏል ይባላል።

እና ምኑ ይተረጎማል? ኦኤልኤስአር የሚያሰራጨው ካርታ ነው፤ ኤኦዲቪ ካርታ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። በተቃራኒው ኦኤልኤስአር «በአንተ በኩል ያሉትን ዘርዝርልኝ» ቢል፣ ኤኦዲቪ የሚሰጠው ዝርዝር የለውም። ማን እንዳለ ራሱም የሚያውቀው ሲፈልገው ብቻ ነው። የትርጉም ፕሮግራማችሁ ይህን ክፍተት ለመሙላት ወይ በኤኦዲቪ በኩል ያለውን ሁሉ ሳያቋርጥ እየጠየቀ ባትሪ ይጨርሳል፣ ወይ የቆየ ዝርዝር ይዞ ይዋሻል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ሁለት ፕሮቶኮል የግድ ነው? የሬዲዮ መለያየት ብቻውን በቂ ምክንያት አይደለም። በሁሉም መሣሪያዎች ላይ ሶፍትዌር መቀየር የምትችሉ ከሆነ፣ እኔ ብሆን አንድ ፕሮቶኮል በሁለቱም ሬዲዮዎች ላይ አስኬድ ነበር። ለምሳሌ ባቤል፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው አርኤፍሲ 8966 የተደነገገው፣ የተለያዩ ሊንኮችን ቀላቅሎ መሥራት ይችላል፤ መንገድ ሲቀያየር ሉፕ፣ ማለትም ፓኬት በክብ መዞር፣ እንዳይፈጠር የሚያደርግ ጥብቅ ደንብም አለው። በእጅ የሚያዙት መሣሪያዎች ባትሪ አሳስቧችሁ ኤኦዲቪን መርጣችሁ ከሆነ ግን ምክንያታችሁ ይገባኛል። መሣሪያዎቹ አይነኬ ከሆኑም እንዲሁ። ከዚህ በታች ያለው ሁለቱም ባሉበት ይቀጥላሉ በሚል ነው።

አድራሻ ላይ እንጀምር። እያንዳንዱ ኔትወርክ የራሱ ፕሪፊክስ፣ ማለትም አድራሻዎቹ ሁሉ የሚጋሩት መነሻ፣ ይኑረው። ተሽከርካሪዎቹ 10.1.0.0/16፣ የእጅ መሣሪያዎቹ 10.2.0.0/16 እንበል። አድራሻዎቹ አሁን የተደባለቁ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ጌትዌይ አንድ መስመር ተናግሮ መገላገል የሚችለው አድራሻው ሰብሰብ ያለ ሲሆን ነው። ካልሆነ እያንዳንዱን መሣሪያ በስሙ ማስተዋወቅ ይጠበቅበታል፤ ኤኦዲቪ ደግሞ ዝርዝር እንደሌለው አይተናል።

በኦኤልኤስአር በኩል ያለው ሥራ ቀላል ነው። ኤችኤንኤ የሚባል መልእክት አለ፤ የተፈጠረው ለዚሁ ነው። ጌትዌዩ «10.2.0.0/16 በእኔ በኩል ነው» እያለ በየ5 ሴኮንዱ ይናገራል። ካልታደሰ በ15 ሴኮንድ ይረሳል። የመጀመሪያው ኦኤልኤስአር በዚህ መልእክት ውስጥ የርቀት መለኪያ አይዝም። ስለዚህ እያንዳንዱ ተሽከርካሪ በሆፕ (ከአንድ መሣሪያ ወደ ቀጣዩ በሚደረግ ዝላይ) ቁጥር የሚቀርበውን ጌትዌይ ይመርጣል፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2014 በአርኤፍሲ 7181 የወጣው ሁለተኛው ስሪት መለኪያም አብሮ መላክ ያስችላል።

አሁን ወደ እናንተ ችግር። ጌትዌዮቹን ሀ እና ለ እንበላቸው። ሁለቱም «10.2.0.0/16 በእኔ በኩል ነው» ይላሉ። ሁለቱም የኦኤልኤስአር አባል ስለሆኑ አንዱ የሌላውን ይሰማል። ሀ የለን ቃል ሰምቶ በራውቲንግ ሠንጠረዡ ላይ «10.2.0.0/16 በለ በኩል» ብሎ ይጽፋል። ለም በተራው «10.2.0.0/16 በሀ በኩል» ይላል። እስካሁን የተበላሸ ነገር የለም። ከአንድ ተሽከርካሪ ወደ 10.2.0.7 የሚሄድ ፓኬት ሀ ጋ ሲደርስ፣ ኤኦዲቪ ለ10.2.0.7 የተለየ የ/32፣ ማለትም የዚያ አንድ አድራሻ ብቻ፣ መንገድ ካለው ከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) የጠበበውን ስለሚመርጥ ፓኬቱ በትክክል ይሄዳል።

ንግግሩ ለጥቂት ሴኮንዶች ጋብ ሲል ግን የ/32ቱ መንገድ ጊዜው ያልፍና ይወጣል። ቀጣዩ ፓኬት ሲመጣ ሀ ሠንጠረዡን ያያል። የቀረው መስመር «10.2.0.0/16 በለ በኩል» የሚለው ነው። ስለዚህ ለለ ይልከዋል። ለም የ/32 መንገድ ከሌለው የቀረው መስመር «በሀ በኩል» ነው፤ መልሶ ለሀ። ፓኬቱ ቲቲኤሉ (በየሆፑ በአንድ የሚቀንሰው የዕድሜ ቆጣሪ) 64 ከሆነ፣ እስኪያልቅ ድረስ ይመላለሳል። ከሁሉ የከፋው፣ ከርነሉ መንገድ ያለው ስለሚመስለው ኤኦዲቪን ፈልግልኝ ብሎ አይጠራውም። «አንዳንድ ፓኬቶች» ያላችሁት ለዚህ ነው። ሳያቋርጥ የሚወራ ግንኙነት ይሠራል፤ ትንሽ ያረፈ ግንኙነት ሲቀጥል ይጠፋል። አንድ ጌትዌይ ብቻ ሲበራ ደግሞ የሚያሳስተው ሌላ ተናጋሪ የለም።

ለማረጋገጥ ቀላል ነው። ሁለቱም ጌትዌዮች በርተው፣ ለአንድ ደቂቃ ዝም ወዳለ መሣሪያ ትሬስራውት (ፓኬት የሚያልፍባቸውን አድራሻዎች የሚያሳይ ፕሮግራም) አስኪዱ። የሀ እና የለ አድራሻ እየተፈራረቀ ከመጣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። የጌትዌዩ የኤኦዲቪ ሬዲዮ በ/16 የተዋቀረ ቢሆን ኖሮ ምልክቱ ሌላ ይሆን ነበር። ከርነሉ ሁሉም መሣሪያ ጎኑ ያለ መስሎት በኤአርፒ (የቅርብ ጎረቤትን መፈለጊያ ፕሮቶኮል) ይጠራና መልስ ያጣል፤ ፓኬቱ አይመላለስም፣ እዚያው ይሞታል። ያንንም ብዙ ሰው ያምታታል፤ የሬዲዮውን አድራሻ /32 ማድረግ ይሻላል።

ማስተካከያው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማንኛውም ጌትዌይ ራሱ የሚያስተዋውቀውን ፕሪፊክስ ከሌላ ጌትዌይ ሲሰማ ሠንጠረዡ ውስጥ አያስገባ። ሁለተኛ፣ በሊነክስ ላይ ከሆናችሁ ሁለቱን ፕሮቶኮሎች በተለያዩ የራውቲንግ ሠንጠረዦች አኑሯቸው፤ ወደ 10.2.0.0/16 የሚሄድ ነገር ሁሉ የኤኦዲቪን ሠንጠረዥ ብቻ እንዲያይ ደንብ ጻፉ። እዚያ ሠንጠረዥ መጨረሻ ላይ «አይደረስም» የሚል መስመር አስቀምጡ። መንገድ ሲጠፋ ፓኬቱ ወደ ኦኤልኤስአር ሾልኮ አይመለስም፤ ወይ ኤኦዲቪ ይዞት መንገድ ይፈልጋል፣ ወይ ላኪው አልተገኘም የሚል መልስ ያገኛል። የኤኦዲቪ ፕሮግራማችሁ ፓኬቱን የሚጠልፈው ከዚህ መስመር በፊት መሆኑን ግን አረጋግጡ። በአብዛኛው ከርነሉ ላይ የሚቀመጥ ማጥመጃ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ፍለጋው ጨርሶ አይጀመርም።

በኤኦዲቪ በኩል ያለው ሥራ ከበድ ይላል። ከጊዜያችሁ ብዙውን እንድትሰጡት የምፈልገው ለዚህኛው ነው። አርኤፍሲ 3561 ጌትዌይ ለውጭ ፕሪፊክስ ወኪል ሆኖ መልስ መስጠት እንደሚችል ይናገራል። አንድ የእጅ መሣሪያ ወደ 10.1.0.20 መላክ ፈለገ እንበል። ጥያቄ ያሰራጫል። ጥያቄው ሀ ጋ ሲደርስ ሀ በኦኤልኤስአር ካርታው ላይ 10.1.0.20 መኖሩን አይቶ «እኔ ጋ ነው» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ውስጥ የቅደም ተከተል ቁጥር አለ። ኤኦዲቪ የትኛው መረጃ ትኩስ እንደሆነ የሚያውቀው በዚህ ቁጥር ነው፤ ከሉፕ የሚጠብቀውም እሱ ነው። በሕጉ መሠረት ይህን ቁጥር የሚጨምረው የአድራሻው ባለቤት ነው። 10.1.0.20 ግን ኤኦዲቪን አያውቅም። ስለዚህ ቁጥሩን የሚይዝለት ጌትዌዩ ነው።

ጌትዌዩ ሁለት ሲሆንስ? ሰነዱ በግልጽ የሚለው ጌትዌዮቹ ተባብረው አንድ ወጥ መልስ ይስጡ፣ እንዴት እንደሚተባበሩ ግን ከዚህ ሰነድ ውጭ ነው፣ ነው። ያንን ባዶ ቦታ መሙላት የእናንተ ድርሻ ሆነ ማለት ነው። ካልሞላችሁት የሚሆነውን እዩ። የሀ ቆጣሪ 12 ላይ ነው፣ የለ 40 ላይ። የእጅ መሣሪያው ሀ ጎን ቆሞ እንኳ የለን መልስ ይመርጣል፤ 40 ከ12 ይበልጣልና ትኩስ ይመስለዋል፤ ርቀቱን አያይም። ከዚያ ለ ርቆ ይሄዳል፣ መንገዱ ይቆረጣል። መሣሪያው የሚያውቀውን ቁጥር ወደ 41 ከፍ አድርጎ እንደገና ይጠይቃል። ሀ «እኔ አለሁ» ብሎ በ12 ይመልሳል። መልሱ ያረጀ ተብሎ ይጣላል። ጌትዌዩ አጠገቡ እያለ፣ ሬዲዮው ጥርት ብሎ እየተሰማ፣ መሣሪያው የድሮው መዝገብ እስኪሰረዝ ድረስ አልተገኘም እያለ ይቀመጣል። ይህን ስህተት ከሬዲዮው ነው ብሎ አንቴና መቀያየር የተለመደ ነው፤ ጊዜያችሁን እንዳታባክኑ።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ጌትዌዮቹ በኦኤልኤስአር በኩል እርስ በርስ ስለሚገናኙ፣ በትንሽ የዩዲፒ መልእክት ቆጣሪያቸውን ይለዋወጡ፤ ሁልጊዜም ከፍተኛውን ይያዙ። በተጨማሪ ከራሱ ቁጥር የሚበልጥ ቁጥር የያዘ ጥያቄ የደረሰው ጌትዌይ መጀመሪያ የራሱን ቆጣሪ ወደዚያ ያሳድግ፣ ከዚያ ይመልስ። ሀ በ41 ሲመልስ መልሱ ተቀባይነት ያገኛል። ሁለቱ እኩል ቁጥር ከያዙ ደግሞ መሣሪያው በሆፕ ያነሰውን ይመርጣል፤ የምንፈልገውም ይኸው ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን ሳይሸራረፍ ይጠበቅ። ጌትዌዩ መልስ የሚሰጠው በራሱ የኦኤልኤስአር ሬዲዮ መንገድ ሲኖረው ብቻ ነው። ያ መንገድ ተቆርጦ ወደ 10.1.0.0/16 የሚደርሰው በኤኦዲቪ ዞሮ በሌላው ጌትዌይ ከሆነ፣ ወኪል ነኝ ማለቱን ያቁም። አለበለዚያ ሉፑ በሌላ በር ተመልሶ ይገባል።

ስለ ጊዜም አንድ ነገር አለ። የኤኦዲቪ ነባሪ ቅንብር ኔትወርኩ እስከ 35 ሆፕ ይሰፋል፣ እያንዳንዱ ሆፕ 40 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል ብሎ ያስባል። ለደርሶ መልስ 2.8 ሴኮንድ ይመጣል። መልስ ካልመጣ 5.6፣ ከዚያ 11.2 ሴኮንድ ይጠብቃል። ተደምሮ ወደ 20 ሴኮንድ ገደማ። በተሽከርካሪ በኩል ያለ አፕሊኬሽን ይህን ያህል አይታገስም። ኔትወርካችሁ ከ6 ሆፕ የማያልፍ ከሆነ ስፋቱን 8 አድርጉት። የመጀመሪያው መጠበቂያ 640 ሚሊሴኮንድ ይሆናል፤ ሦስቱም ሙከራ ከ5 ሴኮንድ በታች ያልቃል። ይህን ቁጥር በሁሉም መሣሪያዎች ላይ እኩል አድርጉት። ጌትዌዩ ፍለጋው እስኪያልቅ ድረስ ፓኬቶቹን የሚያቆይበት ወረፋም ይኑረው፤ ለአንድ መድረሻ ጥቂት ፓኬት ይበቃል።

አሁን አስቸጋሪው ሁኔታ። የእጅ መሣሪያዎቹ ለሁለት ቢከፈሉስ? ግማሾቹ በሀ ዙሪያ፣ ግማሾቹ በለ ዙሪያ ይቀራሉ። ሀ አሁንም «10.2.0.0/16 በሙሉ በእኔ በኩል» ይላል። ግማሹ ውሸት ሆነ። ለሀ የሚቀርብ ተሽከርካሪ በለ በኩል ያለን መሣሪያ ሲፈልግ ፓኬቱ ሀ ጋ ሄዶ ይሞታል። እዚህ ላይ ጌትዌዮቹ መረዳዳት አለባቸው፤ ግን በሥርዓት። በሀ እና በለ መካከል በኦኤልኤስአር ላይ የሚያልፍ ታነል፣ ማለትም ፓኬትን በሌላ ፓኬት ጠቅልሎ የሚያሻግር መስመር፣ ዘርጉ። ሀ ፈልጎ ሲያጣ ፓኬቱን በታነሉ ለለ ይስጥ። ከታነል የወጣ ፓኬት ግን መሄድ የሚችለው ወደ ኤኦዲቪ ሬዲዮ ብቻ ነው። እዚያም ካልተገኘ ይጣላል፤ ወደ ሀ አይመለስም። ቀደም ብለን የዘጋነው መመላለስ አሁን አንድ አቅጣጫ ብቻ ይዞ ጠቃሚ ሆነ። ሀ ፍለጋውን እስኪጨርስ ሳይጠብቅ ለንም ጎን ለጎን እንዲፈልግ ቢያደርግ ደግሞ ጊዜ ይቆጥባል። ታነሉ አይፒ በአይፒ ከሆነ 20 ባይት ይወስዳል፤ ኤምቲዩውን (የአንድ ፓኬት ከፍተኛ መጠን) ከ1500 ወደ 1480 ዝቅ ማድረግ አትርሱ።

ለ ያገኛቸውን መሣሪያዎች አንድ በአንድ በ/32 ኤችኤንኤ ቢያስተዋውቅስ የሚል ሐሳብ ይነሳል። ይሠራል። ነገር ግን መሣሪያዎቹ ቶሎ ቶሎ ወዲያ ወዲህ ካሉ ማስታወቂያው ለ15 ሴኮንድ ስለሚቆይ ተሽከርካሪዎቹ የቆየ ወሬ ይዘው ይቀራሉ። ክፍፍሉ ረጋ ብሎ ለደቂቃዎች ሲቀጥል ብቻ ብትጠቀሙበት ይሻላል።

የመለኪያ ነገርን ባጭሩ። አንዱን ወደ ሌላው ለመቀየር አትድከሙ። ኤኦዲቪ ሆፕ ይቆጥራል። ብዙ የኦኤልኤስአር ሶፍትዌሮች ደግሞ ኢቲኤክስን፣ ማለትም አንድ ፓኬት እስኪደርስ ስንት ጊዜ መላክ እንዳለበት የሚገምተውን መለኪያ ይጠቀማሉ። በሁለቱም አቅጣጫ ግማሹ የሚጠፋበት አንድ ሊንክ ኢቲኤክሱ 4 ነው፤ ጥርት ያሉ ሦስት ሊንኮች ተደምረው 3። ኢቲኤክስ ሦስቱን ይመርጣል፣ የሆፕ ቆጠራ ያንን አንዱን። ሁለቱን የሚያስማማ ቀመር የለም። እያንዳንዱ ኔትወርክ እስከ ጌትዌዩ ድረስ በራሱ መለኪያ ይምረጥ፤ ከጌትዌዩ ባሻገር ያለውን ሌላው ይጨነቅበት።

ወደፊት ሌላ ዓይነት ኔትወርክ ብትጨምሩም ድንበሩ ላይ የሚሠራው ሥራ አይለወጥም። ባትማን-አድቫንስድ ወይም 802.11ኤስ ሜሽ ከሆነ ሁለቱም ከአይፒ በታች ስለሚሠሩ በብሪጅ እንደ አንድ ኔትወርክ መቀላቀል ያጓጓል። አታድርጉት፤ የአንዱ ብሮድካስት ሁሉ ሌላኛውን ያጥለቀልቃል። መካከላቸው የአይፒ ራውተር አቁሙ። አርፒኤል በሚባለው የራውቲንግ ፕሮቶኮል የሚሠሩ ትንንሽ ሴንሰሮች ከሆኑ የሬዲዮአቸው፣ የ802.15.4፣ ፍሬም (አንድ ጊዜ የሚላክ ጥቅል) ከ127 ባይት እንደማይበልጥ አስቡና የተሽከርካሪዎቹን ትራፊክ በእነሱ በኩል ፈጽሞ አታሳልፉ። ጌትዌዩ ለረጅም ጊዜ የሚጠፋ፣ ለምሳሌ በቀን አንዴ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ራውቲንግ አይበቃም። ያኔ መልእክቱን ይዞ የሚቆይ የበንድል ፕሮቶኮል ያስፈልጋል፤ አርኤፍሲ 9171ን ተመልከቱ።

ከመውጣታችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ ሞክሩት። ኤንኤስ-3 ሲሙሌተር ሁለቱንም ፕሮቶኮሎች ይዟል፤ ሐሳቡን ለመፈተሽ ይበቃል። የራሳችሁን ኮድ ግን በሊነክስ የኔትወርክ ኔምስፔስ (በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተነጥሎ የሚሠራ ኔትወርክ) ውስጥ ብታስኬዱት ይሻላል፤ የሠንጠረዥ ስህተት የሚታየው እውነተኛ ከርነል ላይ ነው። ፋይል እየተላለፈ ሀን አጥፉት፤ ከዚያ መልሳችሁ አብሩት። የእጅ መሣሪያዎቹን ለሁለት ክፈሏቸውና መልሳችሁ አገናኟቸው። የሀን የኦኤልኤስአር ሬዲዮ ብቻ ነጥላችሁ ዝጉት፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው፣ ቆጣሪውና የወኪልነት ደንቡ የሚፈተኑትም እዚህ ላይ ነው። በሁሉም ጊዜ የዩዲፒ ፖርት 698ን ለኦኤልኤስአር፣ 654ን ለኤኦዲቪ እየቀዳችሁ አስቀምጡ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ፓኬቱ አሁንም ከተመላለሰ፣ በዚያች ቅጽበት የሁለቱን ጌትዌዮች ሙሉ የራውቲንግ ሠንጠረዥና ደንቦች፣ እንዲሁም ከዚያ በፊት ያለውን የ30 ሴኮንድ ቅጂ አያይዛችሁ ላኩልኝ። አብረን እናየዋለን።